ዘንዶው የሚያውቀው ዜማ

በሰውራ መንግሥት፣ በዝናም መባቻ፣ ክፉው ምልክት በሕዝብ ሁሉ ፊት ታየ። ዜመኛዋ ዝናርያ ዘንዶውን ሙርጋንን ለማስተኛት በየዓመቱ እንደምታደርገው በዋሻው ደጅ ቆማ ስታዜም፣ ዘንዶው ዐይኑን ገለጠ፤ እርሷ ሳትደርስበትም ቀጣዩን ስንኝ ራሱ ጨረሰው።

ሙርጋን ከነቃ የሰውራን ወንዝ ከምንጩ ይጠጣል። ብዙም ሳይቆይ የወንዙ ወለል ተሰነጣጠቀ፤ ከብቱ ጭቃ ይልስ ጀመር።

ንጉሥ አርማህል በሸንጎው መካከል ተነሡ። «ይህ ዜማ መንግሥታችንን አድኗል። ከእርሱ አንድ ቃል የለወጠ ምላሱ ይቆረጥ ብለን በዐዋጅ አጽንተነዋል። ድምፅሽ ሳስቶ እንደሆነ መቶ ዜመኛ እንጨምርልሽ!»

«ግርማዊ ሆይ፣ መቶም ብንሆን የምናዜመው እርሱ የሚያውቀውን ነው» አለች ዝናርያ።

ዜማውን የደረሰችው ከባሕር ማዶ ተምራ በተመለሰች ሰሞን ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም ሌላ አልጠየቃትም። ሌላ እንዳላትም እርግጠኛ አልነበረችም። ቢሆንም ቀኝ እጇን አነሣች፦ «በምንጩ እምላለሁ! አዲስ ዜማ ይዤ በሙርጋን ፊት እቆማለሁ። ካልሆነልኝ ከሰይፍዎ በፊት ዘንዶው ምላሴን ይውሰደው!»

አብሯት ወደ ዋሻው ለመውጣት የደፈረው ሽማግሌው ከበሮ መቺ ጉርሞ ብቻ ነበር።

«አዲሱ ዜማ ደረሰ?» ሲል ጠየቃት አቀበቱን ሲወጡ።

«ገና ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያስ ቀስ ብለን እንውጣ። ጉልበቴም ሰበብ እየፈለገ ነበር።»

በዋሻው ደጅ ጉርሞ ከበሮውን መታ፤ ዝናርያ አዲስ ቃል አወጣች። ጥቂት ስንኝ እንደሄደች ግን ዜማው ወደ አሮጌው መንገድ ታጠፈ። ደግማ ጀመረች፤ ደግሞ ታጠፈ። ሙርጋን ሳቀ፤ ሳቁ ከገደሉ ድንጋይ አረገፈ።

«ያችኑ ሙሽራ ቀሚስ ቀይረሽ አመጣሽልኝ?» ብሎ ሊውጣት መንጋጋውን ከፈተ።

ጉርሞ እጆቹን ተመለከተ። «ልጄ፣ ወደ አሮጌው ዜማ የምመልስሽ እኔ ነኝ። እነዚህ እጆች ሌላ ምት አያውቁም።»

ከአባቱ የወረሰውን ከበሮ ዘሎ በዘንዶው መንጋጋ ውስጥ ሰነቀረው። መንጋጋው ከበሮውንም ክንዱንም አደቀቀ።

ጉርሞ በድንጋዩ ላይ ወደቀ። ትንፋሹ ተቆራረጠ፤ አንዴ ረጅም፣ አንዴ አጭር፣ አንዴ ዝም። ዝናርያ የምትደገፍበት ሌላ ምት አልነበራትም። በዚያ በሚያነክስ ትንፋሽ ላይ አዜመች። ቀጥሎ የሚመጣውን አታውቅም ነበር። ሙርጋንም አላወቀም። ስንኙን ሊቀድማት ሞከረና ተሳሳተ፤ ደግሞ ተሳሳተ። በመጨረሻ ራሱን መሬት ላይ አጋድሞ አደመጠ፤ እያደመጠም አንቀላፋ። ውሃው ከምንጩ ገነፈለ።

የጉርሞ ትንፋሽ ከዜማው ቀድሞ አቆመ።

ውሃውን አይተው በወጡ ሰዎች አስከሬኑን አስይዛ ስትመለስ ንጉሡ ከጸሐፊያቸው ጋር በበሩ ጠበቋት። «አሁኑኑ ይጻፍ! በዐዋጅ ይጽና!»

«አይጻፍ፣ ግርማዊ ሆይ።»

«የጉርሞ ትንፋሽ ያለበት ዜማ ይጥፋ ትያለሽ?»

እንባዋ ወረደ፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም። «ከእርሱ የቀረኝ ይኸው ብቻ ነው። ዘንዶው ግን ሰምቶታል።»

ንጉሡ ጸሐፊያቸው ብዕሩን እንዲያስቀምጥ ምልክት ሰጡ። ከዚያም ምላስ የሚያስቆርጠውን ዐዋጅ ሻሩ።

ጉርሞ በተቀበረ ማግስት ዝናርያ ለመጪው ዝናም አንድ ስንኝ ሞከረች። አላማረም። ተወችውና ሌላ ጀመረች።