ወደ ወይራው የዞረው ዲሽ

ጥላ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ የሚል ሰው ማውራት ሲጀምር ፊቴን ወደ መጽሐፌ የምመልስ ሴት ነኝ፣ ይኼን አስቀድሜ ልናገር። ትምህርት የጀመርኩት ትዳር ይዤ ከፈታሁ በኋላ ነው፣ እንዲህ ዘግይቶ የተማረ ሰው ደግሞ አንዴ የጨበጠውን እውቀት በቀላሉ አይለቅም። ንፋስ መውጫ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ፣ ተማሪዎች የዛርና የመንፈስ ወሬ ሲያመጡብኝ "ማን አየ? የት ቆሞ? ብርሃን ነበረ?" ብዬ ስጠይቃቸው ወሬው እዚያው አፋቸው ላይ ይቀልጣል። አሁን የምነግራችሁንም በእነዚያው ጥያቄዎች ደጋግሜ ፈትኜዋለሁ፣ የቆምኩበትን አውቃለሁ፣ ብርሃንም ነበረ። እንዲህ ያለ ነገር የሚያጋጥመው በሌሊት ነው ይባላል፣ እኔን ያጋጠመኝ ግን የጎረቤት ዶሮዎች ገና ቆጥ ሳይወጡ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ከሰዓት በኋላ ነው፣ መነሻው ደግሞ፣ እመኑኝ፣ ሪሲቨር ነው።

እናቴ፣ እምዬ የምላት፣ ወድቃ ዳሌዋን ከተሰበረች ወዲህ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አትችልም፣ ዓይኗም ደክሟል፣ ስለዚህ የምታስቀድሰው በቴሌቪዥን ነው። ነጠላዋን መስቀለኛ ለብሳ አልጋዋ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፣ ካህኑ ሲባርክ ራሷን ዝቅ ታደርጋለች፣ ወንጌል ሲነበብ በመቋሚያዋ ተደግፋ በእኔ እርዳታ ትነሣለች፣ እኔም ምንም ይዤ ብሆን መቆም አለብኝ፣ ቶሎ ካልቆምኩ "ምነው አንቺ፣ ቴሌቪዥን ነው ብለሽ ነው?" ትለኛለች። ፍልሰታ ሊገባ ሰሞን ያ ቻናል ጠፋ። መጀመሪያ ስርጭታችን ወደ ኤችዲ ተዛውሯል፣ ሪሲቨርዎን ይቀይሩ፣ ዲሽዎን ያዙሩ የሚል ጽሑፍ ከሥር ሲሄድ ሰነበተ፣ ከዚያ አንድ ጠዋት ስንከፍተው ሰማያዊ ሆኖ "ኖ ሲግናል" አለን።

መፍትሔው ቀላል ነበር። አስማማው የሚባል ዲሽ ሠሪ አለ፣ በሠፈራችን ጣሪያው ላይ ያልወጣበት ቤት የለም፣ እሱ አዲስ ሪሲቨር ይዞ ይመጣል፣ ዲሹንም ነቅሎ ወደ አዲሱ ሳተላይት ያዞረዋል፣ አለቀ። እምዬ ግን አሻፈረኝ አለች።

"ዲሹን ማንም አይነካም፣ አባትሽ በእጁ ያቆመው ነው።"

"እምዬ፣ አባዬ ያቆመው ለድሮው ነው፣ አሁን ቻናሉ ቦታ ቀይሯል።"

"ቻናሉ ቦታ ቢቀይር አባትሽ ምን አደረገ?"

አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት አልፎታል። ዲሹን አሮጌ ጎማ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልቶ ያቆመው እሱ ነው። ዲሽ ማስተካከል እንደምታውቁት የሁለት ሰው ሥራ ነው፣ አንዱ ውጭ ሆኖ ያዞራል፣ አንዱ ከውስጥ ቴሌቪዥኑን እያየ ይጮኻል። ለብዙ ዘመን ውጭ የሚቆመው አባቴ ነበር፣ እምዬን በስሟ ጠርቶ "አለ ወይ ሙሉ?" እያለ ይጠይቃል፣ እምዬ ከውስጥ "የለም" ትላለች፣ "አሁንስ?" ይላል፣ እንዲህ ሲባባሉ ያመሻሉ። በመጨረሻው ክረምት ደረቱ ብርድ አልችል ሲል ግን እሱ ውስጥ ሆኖ ምስሉን ማየት፣ እኔ ውጭ ማዞር ጀመርን። ግራ ቀኝ ብሎ አያዘኝም፣ የማንኛችን ግራ እንደሆነ ስለምንጨቃጨቅ በቦታ ነበር የሚያዘኝ፣ "ትንሽ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ"፣ "አለፍሽ፣ ተመለሽ ወደ ወይራው" እያለ። ወይራው በአጥራችን ጥግ የነበረ ያረጀ ዛፍ ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ በመጣው በጋ መንገዱ ሲሰፋ ተቆረጠ፣ ዛሬ ጉቶው እንኳ የለም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ጾሙ ተጋምሶ እምዬ ሳታስቀድስ ስትውል ፊቷ እየጠቆረ፣ ምግቧም እየቀነሰ መጣ፣ ማታ ማታ "ሳላስቀድስ ልሞት ነው" ማለት ጀመረች፣ እኔም ጨከንኩና አስማማውን ነገ ና ብዬ ቀጠርኩት። ስነግራት "እሺ፣ እንግዲያው አንቺው አንድ ጊዜ አዙረሽ ሞክሪው፣ አሮጌው እንደማይችል በዓይኔ አይቼ ቁርጤን ልወቅ" አለችኝ። ከንቱ መሆኑን አውቃለሁ፣ የወጣሁት እንደማይሆን ላሳያት ብቻ ነው። መጮኽ ስለማትችል፣ ምስል ከመጣ ግድግዳውን በመቋሚያዋ ልትመታልኝ ተስማማን።

ከጉና ተራራ በኩል የመጣው ጉም ግቢውን ሞልቶታል፣ ከቆርቆሮው ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ ይሰማል እንጂ ቆርቆሮው አይታይም። ብሎኑን በመፍቻ አላላሁና ዲሹን በሁለት እጄ ያዝኩ። መጀመሪያ የሰማሁት ሳል ነው፣ ከግድግዳው ወዲያ፣ ደረቅ ሳል፣ ከዚያም ጉሮሮ መጥረግ። እምዬን ሊጠይቅ የገባ ጎረቤት ይሆናል አልኩ፣ በራችን ግን አንድ ነው፣ እሱም እኔ በቆምኩበት በኩል ነው፣ ማንም በአጠገቤ አላለፈም፣ ይኼ ትዝ ያለኝ በኋላ ነው። ቀጥሎ ጠረጴዛ በጣት ሲመታ ሰማሁ፣ ቀስ እያለ፣ ትዕግሥት ያለው ሰው እንደሚመታው።

"ምስል አለ?" ብዬ ተጣራሁ።

"የለም" አለ ከውስጥ። "ትንሽ ወደ ወይራው።"

አዞርኩ። ማን ነህ አላልኩም፣ የምን ወይራ አላልኩም፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲታዘዝ የኖረው እጄ ከእኔ ቀድሞ ታዘዘ።

"አለፍሽ። ቀስ በይ፣ ማንም አያባርርሽም።"

መለስ አደረግኩት።

"እዚያ ላይ። በቃ፣ እሰሪውና ግቢ፣ በርዶሻል።"

ብሎኑን አጥብቄ ቀና ስል ዲሹ አፍጥጦ የሚያየው ያንን ባዶ የአጥር ጥግ ነው፣ እዚያም ከጉም በቀር ምንም የለም። ያኔ ነው የማን ድምፅ እንደሆነ የገባኝ፣ መፍቻውን እንደያዝኩ ወደ በሩ አመራሁ።

ስገባ ቅዳሴው አለ። በዚያ አሮጌ ሪሲቨር፣ ጥርት ብሎ፣ ጃንጥላው፣ ጽናጽሉ፣ ወንጌሉን የያዘው ዲያቆን ሳይቀር። እምዬ ማንም ሳይደግፋት ቆማለች።

"ቁሚ፣ ወንጌል ነው" አለች ዞር ሳትል።

ቆምኩ፣ መፍቻውን እንደያዝኩ፣ ከፀጉሬ ውሃ እየወረደ። በዓይኔ ቤቱን አሰስኩት፣ ከሷ በቀር ሰው የለም። ንባቡ ሲያልቅ ቀስ ብዬ አስቀመጥኳት።

"እምዬ፣ እዚህ ማን ነበር? ሲያዘኝ የነበረው?"

"እዚህማ ያለሁት እኔ ብቻ። እሱ ውጭ ካንቺ ጋር አይደል እንዴ?"

"ማን?"

"ምን ያስጠይቅሻል፣ 'አለ ወይ ሙሉ?' እያለ ሲያደርቀኝ አልሰማሽም? የለም አልኩት፣ አሁንስ አለኝ፣ በኋላ ምስሉ ሲመጣ አለ አልኩት።" ከዚያ ቅር እንደመሰኘት ብላ ወደ በሩ አየች። "ምነው ውጭ ተውሽው? ይግባ እንጂ፣ ጉም ለደረቱ አይሆንም።"

እኔ ስጣራ ሰምታኝ እንደሆነ ጠየቅኳት፣ አንድም አልሰማችም። እኔም የሷን "የለም" አልሰማሁም፣ "አለ"ዋንም አልሰማሁም። እኔ ውስጥ ነው ያለው ብዬ፣ እሷ ውጭ ነው ያለው ብላ፣ በመካከላችን ያለችው ያቺ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ናት።

ምን ላድርግ፣ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ጉሙ እስከ አልጋዋ እግር ድረስ ገባ። እምዬ ጋቢዋን ሰብሰብ አድርጋ ጠጋ አለችና አልጋው ጫፍ ላይ የአንድ ሰው መቀመጫ ለቀቀች፣ ከዚያ ወደ ቅዳሴዋ ተመለሰች።

በማግስቱ አስማማው አዲሱን ሪሲቨር ከነካርቶኑ ይዞ መጣ። ቴሌቪዥኑን አየና አሮጌውን ሪሲቨር አንሥቶ ገለበጠው፣ መልሶም አስቀመጠው።

"እትዬ የሻረግ፣ ይኼ እኮ ይኼን ቻናል አይከፍትም" አለኝ። "በሬዬ ስልክ ደወለልኝ ቢሉኝ ማመን ይቀለኝ ነበር።"

ወጥቶ ስልኩ ላይ ያለውን አቅጣጫ ጠቋሚ ከዲሹ ጋር አስተያየና ራሱን አከከ። "ማን ነው ያዞረው? በዚህ አቅጣጫ እኮ ምንም ሳተላይት የለም።"

"ታዲያ የምናየው ምንድን ነው?"

"ጣቢያዎቹ ለጾሙ ብለው በድሮውም ስርጭት ለቀውት ይሆናል" አለ፣ አነጋገሩ ግን ራሱም ያመነበት አይመስልም። ከዚያ ሥራው ነውና ወደ እምዬ ዞረ። "እማማ፣ አዲሱ እኮ በጣም ያጠራል፣ የዲያቆኑን ጢም ይቆጥራሉ።"

"የዲያቆኑ ጢም ምን ይሠራልኛል?" አለችው።

ሳቀ፣ ምስሉ ሲጠፋባችሁ ደውሉልኝ ብሎ ካርቶኑን ትቶልን ሄደ። እውነት ለጾሙ ብለው ለቀውት ከሆነ ጾሙ ሲፈታ ይጠፋል ብዬ ጠበቅኩ። ጾሙ ተፈታ፣ አልጠፋም። አስማማው መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር "እትዬ፣ እንግጠመው?" ይለኛል፣ እኔም "ቆይ እስቲ" እለዋለሁ፣ ካርቶኑም ቁም ሣጥኑ ላይ እንዳለ ነው። ልክ ነው፣ አሮጌው አንድ ቀን ይሞታል፣ ያን ቀን እምዬን ያለ ቅዳሴ ማስቀረት አልችልም፣ አዲሱን ለመግጠም ግን ዲሹ መነቀል አለበት፣ መፍቻውን ሳነሣ እጄ እምቢ ይለኛል።

ባለፈው እሑድ ከባድ ጉም ወረደና ምስሉ ተቆራርጦ ቆመ። ልወጣ ተነሥቼ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ጆሮዬን ጣልኩ፣ ከቆርቆሮው ጠብታ በቀር የሚሰማ የለም። እምዬ ግን ጥያቄ እንደሚሰማ ሰው አንገቷን ወደ ግድግዳው ዘንበል አድርጋለች።

"የለም" አለች ቀስ ብላ።

ጆሮዋን ይበልጥ አስጠጋች።

"የለም፣ ገና ነው።"

ከዚያ የተቆራረጠው ምስል አንድ በአንድ ተሰበሰበ፣ የካህኑ እጅ መጣ፣ መስቀሉ መጣ፣ ድምፁም ቀጠለ። እምዬ ፈገግ አለች።

"አለ" አለች። "በቃ፣ ተወውና ግባ።"

እኔ ከውጭ የሰማሁት ነገር የለም። ተነሥቼ ግን በሩን ከፈትኩ።