አርባ አንደኛዋ ደቂቃ

ራዲዮ ሴትዮዋን የገደለቻት ደወል ሊደወል አራት ደቂቃ ሲቀረው ነው።

«ፍቅረኛዋ እንደማይመለስ ባወቀች ቀን ልቧ ቀጥ አለ» አለች ለክፍሉ ልጆች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ድምፅዋ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ሰዓት ይናገራል። አርባ አንደኛዋ ደቂቃ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ታለቅሳለች።»

ከዚያ ዓይኗን ጠቀሰች። ሰሌዳው አጠገብ የቆመችው ሚጣ የስልኳን ድምፅ ከፍ አደረገች። ቀጭንና ጥርት ያለ የሴት ድምፅ «አራት ሰዓት» አለ፤ ቀጥሎ በአፍንጫ የወጣች አጭር ትንፋሽ ተሰማች፤ ከዚያ «ከአርባ አንድ ደቂቃ» ብሎ ጨረሰ። ሁልጊዜ ኋላ ወንበር ላይ የሚያንቀላፋው ልጅ ሳይቀር ቀና ብሎ ያዳምጥ ነበር። ከፊት የተቀመጡት ሁለት ልጆች ዓይናቸውን ጠረጉ።

ራዲዮ የሚለውን ስም ያወጡላት የክፍሉ ልጆች ናቸው፤ አንዴ ከተከፈተች የሚዘጋት የለም ለማለት። ሚጣ ደግሞ የቤት ስሟ ነው፣ ራዲዮ ትምህርት ቤት ይዛው ገብታ እዚያው ቀረ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ላይ ናቸው። አንዷ ታወራለች፣ አንዷ ትሰማለች፤ እስከ ዛሬ ማንም አልተጎዳም ነበር።

የአይሲቲ መምህሯ የሰጠቻቸው ሥራ ለሁለት ለሁለት ሆነው ኢንተርኔት ላይ አንዲት የተረሳች ሴትና የሠራችበትን ቴክኖሎጂ ፈልገው እንዲያመጡ ነበር። አብዛኛው ተማሪ የፈለገው መጀመሪያ የተከፈተለት ገጽ ላይ ነው፤ አንዲት አውሮፕላን አብራሪ ብቻዋን በአራት ቡድን ቀርባለች፣ በአንድ ዓይነት ፎቶግራፍ፣ በአንድ ዓይነት የፊደል ስሕተት። ስለዚህ መምህሯ የእነ ራዲዮን ስትሰማ ፊቷ በራ።

«ይህን ሁሉ ከየት አገኛችሁት?» ብላ ጠየቀች፣ ሚጣን እያየች። ራዲዮን እንደማታምናት የታወቀ ነው።

«ከኢንተርኔት» አለች ሚጣ፣ አንገቷን እየነቀነቀች።

ግማሹ እውነት ነበር። ድምፁን ያገኘችው እሷ ናት፤ ሞቱንና ፍቅረኛውን ከራሷ ያመጣችው ራዲዮ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወላጆች በተገኙበት አዳራሽ ውስጥ እንዲያቀርቡትና በትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ላይም እንዲወጣ ተወሰነ። ራዲዮ ከደስታዋ ብዛት ሚጣን አቅፋ ከመሬት አነሣቻት።

ሚጣ ድምፁን ያገኘችበት ገጽ «የጠፉ ድምፆች ቤት» ይባላል። ማን እንደሚያዘጋጀው አይታወቅም። እዚያ የጽሕፈት መኪና ይንጣጣል፣ የድሮ ባቡር ከሩቅ ያፏጫል፣ የድሮ ስልክ ቁጥር ማዞሪያ ክርርር እያለ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሚጣ ከትምህርት ቤት መልስ ዓይኗን ጨፍና ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ስትሄድ፣ በሮቹ ሁሉ ክፍት በሆኑ፣ ሰዎቹ ግን ወጣ ባሉበት ትልቅ ቤት ውስጥ የምትዞር ይመስላት ነበር። ፍርሃት የለውም፤ እንዲያውም ደስ ይላል።

ከሁሉም የምትወደው ሰዓት ነጋሪዋን ነው። በድሮ ጊዜ ሰው ወደ አንድ ቁጥር ደውሎ ስንት ሰዓት እንደሆነ ይጠይቅ ነበር፤ መልሱን የሚሰጠው የሴት ድምፅ የተቀዳበት ማሽን ነው። ገጹ በዚያ ማሽን ላይ እንደገና ነፍስ ዘርቷል፤ ሲከፈት በየደቂቃው ትክክለኛውን ሰዓት ይናገራል። ከሥሩ «የተናጋሪዋ ማንነት አይታወቅም» ይላል። ያቺ ትንፋሽ የምትመጣው በሰዓት አንዴ ብቻ፣ ከአርባ አንድ በፊት ነው። ሚጣ የቤት ሥራዋን ትታ አርባ አንድን የምትጠብቅባቸው ቀናት ነበሩ።

የዚያን ዕለት እቤት ስትደርስ እትዬ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ያረጀ ሹራብ ይተረትሩ ነበር። እትዬ የእናቷ አክስት ናቸው። ሚጣ ከመወለዷ ከአንድ ዓመት በፊት የጉሮሮ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ድምፃቸው ጠፍቷል፤ ከዚያ ወዲህ የሚናገሩት አንገታቸው ላይ በምትንጠለጠል ትንሽ ደብተር ነው። ስለ ድሮ ሥራቸው ቤተሰቡ የሚያውቀው «ስልክ መሥሪያ ቤት ነበሩ» የምትለዋን ብቻ ነበር። እሷንም ቢሆን ተከታትሎ የጠየቀ የለም።

ሚጣ እጅ ወደ ላይ እንደተባለ ሰው ሁለት እጆቿን ዘርግታ ክሩን ያዘችላቸው፣ እሳቸው ይጠቀልሉ ጀመር። በግራ ጆሮዋ ማዳመጫ ሰክታ ሰዓት ነጋሪዋን ታዳምጣለች፤ ቀኙን የተወችው እትዬ ጠረጴዛውን አንኳኩተው ቢጠሯት እንድትሰማ ነው። ክሩ ይሄዳል፣ ይመጣል። ፀሐይዋ ጉልበቷ ላይ አርፋለች። ዓይኗ ከደን ከደን ሲል እጆቿ ቀስ እያሉ ወረዱ፤ ክሩ ሾልኮ አገጯ ላይ ተጠመጠመ፤ ደንግጣ ብድግ ስትል የክር ጢም አውጥታ ነበር።

ያቺ ትንፋሽ ያን ጊዜ መጣች። አጭር፣ በአፍንጫ የወጣች፣ ሊስቁ ሲሉ እትዬ ሁልጊዜ የሚያሰሟት።

«አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ስምንት ደቂቃ» አለ የግራ ጆሮዋ፣ ጥርት አድርጎ።

ሚጣ ክሩን አገጯ ላይ እንደያዘች ቀረች። ሰዓቱ አርባ አንድ አልነበረም። ትንፋሿም የመጣችው ማዳመጫ ባልነበረበት ጆሮዋ በኩል ነው። ይህችን ትንፋሽ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰማት ኖራለች፤ ከሰው ድምፅ ጋር አያይዛ ግን አስባት አታውቅም፣ እትዬ ድምፅ የላቸውማ።

«እትዬ» አለች፣ ጥያቄው ራሷንም እያሳቃት፣ «ሰዓት ተናግረው ያውቃሉ?»

እትዬ እርሳሱን አነሡ። ሚጣ ማዳመጫውን አውልቃ ጆሯቸው ላይ አደረገችላቸው። ድቡልቡሉ ክር ከጭናቸው ተንከባሎ ወንበሩ ሥር ገባ፣ አላነሡትም። እስከ አርባ አንድ ያሉትን ደቂቃዎች ሁሉ ሳይንቀሳቀሱ አዳመጡ። አርባ አንድ ሲደርስ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

ከዚያ ጻፉ፣ ገጽ በገጽ። ድምፃቸው የተቀዳባት ክፍል ግድግዳዋ ሁሉ በወፍራም ጨርቅ የተሸፈነ ነበር። ሰዓቶቹን ለብቻ፣ ደቂቃዎቹን ለብቻ አስቀዷቸው፤ ማሽኑ ነው የሚያገጣጥማቸው። እያንዳንዱ በአንድ ትንፋሽ መነገር አለበት፣ ቴክኒሻኑም ሰዓት መያዣ ይዞ ፊት ለፊታቸው ይቀመጣል። አለቃቸው ሰዓት አያዝንም፣ አይደሰትም ብሎ አስጠንቅቋቸዋል። አርባ አንድ ላይ ሲደርሱ ምሳ ያልበላው የቴክኒሻኑ ሆድ በዚያ ጸጥታ መሐል በረጅሙ ጮኸ። ሳቃቸውን ዋጡ፣ ትንሿ ግን በአፍንጫቸው አመለጠች። የመቅጃው ክር ሊያልቅ ስለነበር ቴክኒሻኑ አፍሮ ማንም አይሰማትም፣ እንለፋት አለ።

ሚጣ ሳቀች። እትዬ ግን ሌላ ገጽ ገለጡ።

«ድምፄ ከጠፋ በኋላ የከፋኝ ቀን አርባ አንድን ጠብቄ እደውል ነበር» ይላል። «ስስቅ ለመስማት። አንድ ቀን ቁጥሩ ተዘጋ።»

የሚጣ እናት ከጓዳ ብቅ ብላ ነገሩን ስትሰማ አንድ ሰሞን ሰዓት ነጋሪዋ እትዬ ናቸው እየተባለ ይወራ እንደነበር ገና ያኔ አስታወሰች፤ እሷ ግን የግድግዳ ሰዓት ስለነበራቸው ደውላ አታውቅም። ሚጣ ድምፁን ለክፍል ሥራ እንደወሰዱት ስታነሣ እትዬ ወደ እሷ ዞረው አንድ መስመር ጻፉ፤ ክፍል ውስጥ ስለ እኔ ምን አላችሁ የሚል ነበር። ሚጣ ገና እየሠሩት መሆኑን፣ ዓርብ አዳራሽ ውስጥ እንደሚያቀርቡት አድበስብሳ ነገረቻቸው። እትዬ «እመጣለሁ» ብለው ጻፉና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመሩበት።

በማግስቱ ራዲዮ እውነተኛውን ታሪክ ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። የራሷ እናት የፈጠራውን ሰምታ አልቅሳለች፤ ለጎረቤቱ ሁሉ ተነግሯል፤ መምህሯ ለርእሰ መምህሩ አሳይታለች።

«ሚጣዬ፣ በናትሽ» አለች፣ እጇን ይዛ። «አሁን ሆድ ጮኸ ብዬ ልናገር? ሼም ነው። ዓርብ ብቻ ይለፍ፣ ከዚያ እናስተካክለዋለን።»

ሚጣ ዝም አለች። ራዲዮ ዝምታዋን እንደ ሁልጊዜው እሺታ አድርጋ ወሰደችው። ሚጣም ራሷ እሺ ማለቷ ይሁን አይሁን እርግጠኛ አልነበረችም። እውነቱ ከወጣ ራዲዮ ብቻ አይደለችም የምትዋረደው፤ ከኢንተርኔት ነው ብላ አንገቷን የነቀነቀችው እሷ ናት። በዚያ ላይ ራዲዮን የሚያህል ጓደኛ የላትም፤ እንዲያውም ሌላ ጓደኛ የላትም። ግን ደግሞ ያቺ ሳቅ አንዴ በድረ ገጹ ላይ ልቅሶ ተብላ ከተጻፈች ማን ይመልሳታል?

ዓርብ እትዬ በጊዜ መጡ። የተተኮሰ ቀሚስ ለብሰው፣ ደብተራቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው ከእናቷ ጋር ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ሚጣና ራዲዮ ከመድረኩ መጋረጃ ጀርባ ሆነው ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። ራዲዮ በወረቀት የጻፈችውን እያነበነበች በቀዳዳው አጮለቀች፤ እትዬን ከቤት ውጭ አይታቸው አታውቅም።

«እናትሽ አጠገብ ያለችው ማናት?»

«የሞተችው» አለች ሚጣ።

ራዲዮ ወረቀቷን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ እንደገና አጠፈች። ሚጣ እንዲህ ሆና አይታት አታውቅም፤ አሳዘነቻት። መምህሯ ከመድረክ ጠራቻቸው።

ሚጣ ስልኳን ከኪሷ አወጣች። ገጹ ተከፍቷል፣ ሰዓቱ ዘጠኝ ከሠላሳ ዘጠኝ ይላል። ስልኩን ለራዲዮ ዘረጋችላት።

«ዛሬ ድምፁን አንቺ ክፈችው» አለቻት።

ራዲዮ ወረቀቷን ኪሷ ውስጥ ከትታ ተቀበለቻት።

መብራቱ ዓይን ይወጋል። ማይክራፎኑ ለራዲዮ ቁመት የተስተካከለ ስለነበር ሚጣ በእግር ጣቶቿ ጫፍ ቆመች። ለክፍሉ የነገሩት ታሪክ የፈጠራ እንደሆነ፣ መምህሯ ስትጠይቃት የዋሸችውም እሷ ራሷ እንደሆነች ተናገረች። አዳራሹ ተንሾካሾከ። መምህሯ ግድግዳውን ተደግፋ እጆቿን አጣመረች፤ ግን አላስቆመቻትም። ሚጣ ሦስተኛውን ረድፍ ላለማየት ከጣሪያው መብራት ላይ ዓይኗን ተከለች።

«እውነተኛውን ከመናገሬ በፊት» አለች፣ «ትንሽ እንጠብቅ።»

ጠበቁ። የሚያስል ሰው አሳለ፣ ወንበር ሲጢጥ አለ፣ ከዚያ ሁሉም ጸጥ አለ። ራዲዮ ስልኩን በሁለት እጇ ወደ ማይክራፎኑ አስጠጋችው።

«ዘጠኝ ሰዓት» አለ ድምፁ።

ትንፋሿ ከድምፅ ማጉያው መጣች። በዚያው ቅጽበት ከሦስተኛው ረድፍም መጣች፤ አጭር፣ በአፍንጫ የወጣች፣ ያቺው። ከፊት የነበሩ ሰዎች ዞር ዞር አሉ።

«ከአርባ አንድ ደቂቃ።»

ሚጣ ተረከዟን መሬት አስነካች፣ ማይክራፎኑንም ወደ ራሷ ቁመት ዝቅ አደረገችው።

«ያን ቀን» አለች፣ «ቴክኒሻኑ ምሳ አልበላም ነበር።»