ስንት ሆናችሁ ታድራላችሁ?

የሀሩን ሬሳ ጅዳ፣ ሸረፊያ ውስጥ ካለ የኪራይ ሕንጻ ጀርባ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ጊዜው ኅዳር 2006 ነው፤ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው ሐበሻ ከየመንገዱ ይታፈሳል። ሹርጣ፣ ፖሊስ፣ ቢጠራ ሟቹ ሳይቀበር ቋሚው ሁሉ ወደ አገሩ ይጫናል። ስለዚህ አዚዛ ተጠራች፤ መካ፣ ነካሳ ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ ውሸት የማያልፋት ሴት ናት።

አይ ሰው! ሲጨንቀው ለፍርድ ይቸኩላል። ጣሪያ ላይ የሚያድረውን የቀን ሠራተኛ አቡበከርን አስረው፣ ሕንጻው እንዳይታወቅ ራቅ ካለ ጎዳና አውጥተው ለሹርጣ ሊያስረክቡት ተዘጋጅተዋል።

«ትናንት ‹ሰላይ ነህ› ብሎ ሰድቦታል! ከጣሪያ የጣለው እሱ ነው» አለ የሕንጻው ጠባቂ ሀሺም።

«ሰድቤዋለሁ። ወላሂ፣ አልነካሁትም!»

«ሀሩን እዚህ ምን ይሠራ ነበር?» አለች አዚዛ።

«አገሪቱ ምን ያህል መብራት መቆጠብ እንደምትችል መንግሥት ያስጠናል አሉ። በየክፍሉ እየገባ ማቀዝቀዣውን፣ ሙከይፉን፣ ይለካል» አለ ሀሺም።

አዚዛ ሬሳው ላይ ጎንበስ አለች። ሟቹ ባዶ እግሩን ነው። የሸሚዙ ጀርባ በውሃ ርሷል። ቀና ብላ አየች፤ ከበላዩ ያለው የሰዒዳ መስኮት ነው።

ሰዒዳ ከአሠሪዋ፣ ከመዳሟ ቤት ጠፍታ የመጣች፣ በሯን ዘግታ የምትኖር ሴት ናት። አዚዛ ወጥታ አንኳኳች።

«ሀሩን ገብቶ ነበር?»

«አልገባም፣ እትዬ። ሕንጻው ባዶ እንዲመስል ሙከይፍ ካጠፋን ሰነበትን።»

ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ነገር የተነፈሰ መሰላት። አዚዛን ሰቀጠጣት፤ ደረጃውን ወረደች።

ሁሉንም ደረጃው ሥር ሰበሰበቻቸው።

«ጣሪያ ላይ ማን ጫማውን ያወልቃል? ሀሩን ሰው ቤት ገብቷል። ጀርባውን ያረሰው የሙከይፍ ጠብታ ነው። ሙከይፍ ካልበራ ውሃ የለውም፤ ከጠፋ በኋላ ግን ጥቂት ያንጠባጥባል። በዚህ ጭንቅ ማን ያበራል? ሳይበራ መለካት የማይችል ሰው ብቻ! የሰዒዳን ለክቶ፣ ከውጭ የተለጠፈበትን ቁጥር ሊያነብ በመስኮት ተንጠራራ። ሰዒዳ፣ ለምን ዋሸሽኝ?»

ሰዒዳ ወደ ክፍሏ ቀና ብላ አየች።

«‹ስንት ሆናችሁ ታድራላችሁ?› አለኝ። ‹ብቻዬን› አልሁት። ልጄ ከመጋረጃው ጀርባ ሳለች። እግሯን አይቶ ‹ለካ ሁለት ናችሁ!› ብሎ ሳቀ። ልጄን የሚያስነጥቀኝ መሰለኝ። ሲንጠራራ… ገፋሁት።»

«ያንን ሁሉንም ሰው ይጠይቅ ነበር። ለስንት ሰው ስንት መብራት እንደሚበቃ ሊያሰላ ነው» አለ ሀሺም።

«ያ አላህ! ሳቁ ከጆሮዬ አልወጣም።»

«ልጅቷን ለእኔ ተያት። እኔ ኢቃማ አለኝ» አለች አዚዛ፤ እንባዋ መጣ።

«ከእሷ ላለመለየት ነፍስ አጥፍቼ አሁን ልተዋት? ኸላስ፣ እጄን እሰጣለሁ። አቡበከርን ፍቱት። እናንተም ሹርጣዎቹ ሳይመጡ ውጡ።»

ልጇን ከክፍሏ አውርዳ፣ አዝላ ወደ ጎዳናው ወጣች።

ሰዉ ጨርቁን ሊሰበስብ ሲራወጥ አቡበከር ደረጃው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

«የልጅቷ ስም ማን ነው?» አለ።

ግድግዳ ተጋርተው የኖሩት ሰዎች እርስ በእርስ ተያዩ። የሚያውቅ አልነበረም።