ከኮሌታው ማሽን

ሰከንድ በሩን ስትከፍት የጓደኛዋ የቀጭኔ እናት ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ሰማያዊ የፋብሪካ ጋውናቸውን እንኳ አላወለቁም፤ እጅጌው ላይ ነጭ የክር ብጥስጣሽ ተለጥፎበታል።

«እማዬ ገና አልገባችም፣ እትዬ» አለች ሰከንድ።

«አውቃለሁ፣ የኔ እመቤት። የመጣሁት አንቺው ዘንድ ነው።»

የኔ እመቤት! እኚህ ሴት እኮ እስከ ትናንት ድረስ ባገኟት ቁጥር «አንቺ ዝርክርክ፣ የጫማሽን ክር እሰሪ!» የሚሏት፣ ከገዛ ልጃቸው እኩል የሚቆጧት ሰው ነበሩ። ዛሬ ግን «ይግቡ፣ ይቀመጡ» ብትላቸውም ንቅንቅ አላሉም። ጣቶቻቸውን ያፍተለትላሉ።

«ልጄ አስቀይማሽ ይሆናል። ምላሷ አያርፍላትም። ለእሷ ባይሆን ለእኔ ብለሽ ይቅር በያት። ለእናትሽም አንዲት ቃል ጣል ብታደርጊልኝ… ወደ ኮሌታ መስፊያዬ ቢመልሱኝ። ስንት ዘመን የሠራሁበት ማሽን ነው! ዛሬ ጠዋት ሰው ሁሉ ፊት ‹ተነሺ› ተባልኩ።»

ሰከንድ ክው አለች። ለእናቷ ምንም አልነገረቻትም። «እትዬ፣ እኔ የለሁበትም» ማለት ነበረባት፤ ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶም ነበር። ግን እሱን ለማለት የትናንቱን ማንሳት ሊኖርባት ነው። ደግሞም፣ ለራሷም ማመን ያስጠላት ይሄ ነው፣ አንዲት ትልቅ ሴት አንገቷን ደፍታ ስትለምናት ለቅጽበት ያህል ደስ ብሏታል።

«እሺ፣ እነግራታለሁ» አለች።

«እደጊ! ተመንደጊ! ክፉ አይንካሽ!» እያሉ የቀጭኔ እናት ሄዱ። በሩ ሲዘጋ የሰከንድ ፊት በእሳት የተለበለበ ያህል ጋለ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

የሰከንድ እናት የሸሚዝ ፋብሪካው የምርት ክፍል ኃላፊ ናት። በየጠዋቱ ማሽኖቹ ከመነሳታቸው በፊት ቡድኖቹን ሰሌዳው ፊት ሰብስባ፣ ማን እንደቀረ፣ በማን እንደሚተካ፣ የቱ ጋ ሥራ እንደተቆለለ አይታ ሰው ትመድባለች። «ደቂቃ አታባክኑብኝ» ማለት ስለምታበዛ ሠራተኞቹ በሌለችበት «እትዬ ደቂቃ» ይሏታል። ይሄን ከእናቷ ሰምታ ትምህርት ቤት ያመጣችው ቀጭኔ ነች፤ በአንገቷና በእግሮቿ ርዝመት ስም የወጣላት የሰከንድ የልብ ጓደኛ። «እናትየው ደቂቃ ከሆኑ ልጅየዋ ሰከንድ ናታ!» አለች፤ ስሙም እንደ ማስቲካ ተጣበቀ። ሁለቱም ሲስቁበት ኖረዋል።

ትናንት ግን ነገሩ ተበላሸ። መምህሩ ከካርቶን ድልድይ ለሚሠራው ቡድን ሰከንድን መሪ አደረጓት። እሷም እንደ እናቷ ሰሌዳው ፊት ቆማ መደበች፦ አንተ ቁረጥ፣ አንቺ ለጥፊ፣ አንቺ ቀለም ቀቢ። ራሷስ? ራሷማ «ሥራ ትቆጣጠራለች»። ድልድዩ ሲንጋደድ ለመጮህ የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች።

«አቦ አትጀነኚብን!» አለች ቀጭኔ፣ ጣቶቿ በሙጫ እንደተጨማለቁ። «እናትሽ እንኳ ማሽን ሲቆም እጃቸውን ያስገባሉ። አንቺ ጣትሽን መቀሰር ብቻ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሰከንድ ዓይኗ ጨለመባት።

«እናትሽን ከማሽኗ ለማስነሳት ለእማዬ አንድ ቃል ይበቃኛል፤ እወቂው!»

ሳቁ ቀጥ አለ፤ የብዙዎቹ እናቶች እዚያው ፋብሪካ ነው የሚሠሩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሰከንድ ቃሉን መልሳ ልትውጠው ፈልጋ ነበር፣ ግን ማን ይመልስላታል! ቀጭኔ እጇን በወረቀት ጠራርጋ ደብተሯን ይዛ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ዛሬ ማታ የሰከንድ እናት ከሥራ ስትገባ እራት ቀረበ።

«ሥራ እንዴት ዋለ?» አለች ሰከንድ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

«ምነው፣ ምን ልትጠይቂኝ ነው?» ሳቅ አለች እናቷ። ከዚያ ተነፈሰች። «የላክነው ሸሚዝ ተመለሰብን። አዝራሩ የሚረግፍ፣ ኮሌታው የተንሻፈፈ። የፍተሻው ጠረጴዛ ላይ ዓይን ያለው ሰው የለኝም። ስለዚህ የቀጭኔን እናት ከኮሌታ አነሳኋት። እሷ አይታ ያሳለፈችውን ሸሚዝ ማንም አይመልሰውም። የፍተሻው ቡድን መሪ ላደርጋት ነው።»

«ነግረሻታል?»

«ማሽን ሊነሳ ሲል የምን ወሬ? ነገ እነግራታለሁ። ግን እንጃ፣ ቀኑን ሙሉ አንገቷን ደፍታ ዋለች። ሌሎቹም ሳልፍ ዝም ይላሉ። ሲቆጡኝ፣ ሲያሙኝ ለምጃለሁ፤ ‹ታዳላለች› ብለውኝ ግን አያውቁም። እንደዛሬ አይተውኝም አያውቁም።»

ሰከንድ የጠቀለለችውን እንጀራ ሳህኑ ላይ መልሳ አስቀመጠች። ዝም ብትል ነገሩ ሁሉ ነገ ራሱን ያስተካክላል። የቀጭኔ እናት ቡድን መሪ ይሆናሉ፤ በሰከንድ አማላጅነት የሆነ ይመስላቸውና ደግመው ይመርቋታል። ማንም ምንም አይጠይቃትም። ይሄን ስታስብ እንደ ሌባ ተሰማት።

«እማዬ» አለች ዓይኗን ከሳህኑ ሳታነሳ፣ «ዝም ያሉሽ በእኔ ነው።»

የትናንቱንም የዛሬውንም ተናገረች። «እሺ፣ እነግራታለሁ» ማለቷንም አልደበቀችም።

እናቷ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። ሳህኑን ገፋ አደረገች።

«ለካ ቀኑን ሙሉ በዚያ ዓይን እያዩኝ ነው የዋልኩት» አለች። «እኔም ምክንያቱን ሳልናገር ሰው ማንሳቴ ልክ አልነበረም። የእኔን ነገ ጠዋት ሁሉም ባለበት እናገራለሁ። ያንቺን ግን አልናገርልሽም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ይሄን የምመድብልሽ እኔ አይደለሁም።»

ተራው የሰከንድ ቢሆንም እናቷ ሳህኖቹን ሰብስባ ራሷ ልታጥብ ገባች። ሰከንድ ጃኬቷን አጠለቀች።

ሱቆቹ ገና አልተዘጉም። እነቀጭኔ ቤት እስክትደርስ ቃላት ስትመርጥ ሄደች። «ቀልዴን ነበር።» አይሆንም። «አለመግባባት ነው።» እሱም አይሆንም። ሁሉም የተቀባባ ውሸት መሰላት።

በሩን የከፈተችው ቀጭኔ ነበረች። ሰላም አላለቻትም።

«ደግሞ ምን ቀረሽ?»

«እናትሽ አሉ?»

ቀጭኔ ሳትመልስ እናቷ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ብቅ አሉ። «ውይ፣ የኔ እመቤት! ነገርሽልኝ እንዴ?» ወንበር ጎተቱ፣ በመዳፋቸው አራገፉላት፤ ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺ ወደ ውስጥ ግቢ። እንግዳ ፊት አትገተሪ!»

ቀጭኔ ከንፈሯን ነክሳ ፊቷን አዞረች።

«አይ፣ እትዬ» አለች ሰከንድ። ወንበሩ ላይ አልተቀመጠችም። «እሷም ትስማ።»