ሁለተኛው ጥቅል

ፍቅር በዓይን ይገባል ይባላል። እነዚህ ሁለቱ ግን በተገናኙበት ቀን፣ ከድካም ብዛት፣ አንዱ የሌላውን ፊት በቅጡ ያየ አይመስለኝም። እሱ ከንጋት ጀምሮ አውቶቡስ ሲነዳ ውሏል። እሷ ከአንድ የተቃጠለ የውሃ ፓምፕ ሆድ ውስጥ የከሰለ ሽቦ በጉጠት ስትነቅል ውላለች።

የሞተር ጥገና ሱቁ የአጎቷ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጋትም ሙያውን ያስተማራትም እሱ ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ሲሆን አሥራ አራቱ ያለቀው ሽቦ በመጠምጠም ነው። ስትጠመጥም ዙሩን በልቧ ስለምትቆጥር ሰው ቢጠራት አትሰማም፤ ለዚህ ነው ሰፈሩ «ቆጣሪት» የሚላት። የእሷ እጅ የነካው ሞተር ተበላሽቶ ተመልሶ አያውቅም። ይህን አጎቷ ለወጪ ወራጁ ሁሉ ይናገራል፤ እሷም ያልሰማች መስላ ትሰማለች።

ሾፌሩ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ። ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ረዘም ይላል።

«ይሄ ደግሞ የምን ሞተር ነው?» አለች።

«ሞተር አይደለም፣ እህቴ። የኤሌክትሪክ ጊታር ፒክአፕ ነው። የክሩን ድምፅ የሚሰማ ጆሮ በይው። ውስጡ ያለው ሽቦ ተበጥሷል።»

«ጊታር ትጫወታለህ?»

«እሠራለሁ እንጂ መጫወቱ እንኳ ብዙም አይሆንልኝ። ለራሴ ነው፣ ከሥራ ስወጣ።»

ያኔ ቀና ብላ አየችው። ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ ውሎ፣ እንደ ሰው ጋደም ማለት ሲገባው፣ ቤቱ ገብቶ እንጨት የሚፍቅ!

«ጤነኛ ነህ ግን?»

«እህቴም ይህንኑ ነው የምትጠይቀኝ።»

ሳቀች። ሳቋም የደከመው ነበር።

ሽቦው ከፀጉር የቀጠነ ነው፤ ሰባት ሺህ ዙር። ሁለቴ ተበጠሰባት፣ በሦስተኛው እሺ አላት። ሾፌሩ በማግስቱ መጥቶ ወሰደው። ከዚያ በማግስቱም መጣ፤ ምን ፈልጎ እንደመጣ ግን ሊናገር አልቻለም። አጎቷ ከመነጽሩ በላይ አየውና «አውቶቡስህም ሞተር አለው፤ ሲቃጠል አምጣልን» አለ።

እንዲህ እያለ ውሎ አድሮ እሁድ እሁድ ቤቱ መሄድ ጀመረች። አንዲት ክፍል ናት። አልጋው ሥር የጊታር አንገቶች ተደርድረዋል፤ መስኮቱ ላይ ቫርኒሽ የተቀባ የጊታር ገላ በሽቦ ተንጠልጥሎ ይደርቃል። ወንበር ስለሌለ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጥና ብርጭቆ ወረቀት ይሰጣታል። ጎን ለጎን ሆነው እንጨት ያለሰልሳሉ። ብዙ አያወሩም፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲጮህበት የዋለ ሰው ዝምታ ይጣፍጠዋል። አንዳንዴ እሷ ብርጭቆ ወረቀቱን እንደያዘች እንቅልፍ ይወስዳታል፤ እሱም እንዳትነቃ ብሎ መፈግፈጉን ያቆማል።

አንድ እሁድ በእጁ ያለውን ቀይ ቡናማ ገላ ወደ ብርሃኑ አዙሮ «ይሄኛው ያንቺ ነው» አላት።

«እኔ ጊታር ምን ላድርግበት?»

«አብረን እንማራለን።» ትንሽ ቆየና ዓይኑን ከእንጨቱ ሳያነሳ ጨመረ፤ «ይሄ ጊታር አልቆ የጮኸ ዕለት አጎትሽን፣ ጋሼን፣ አነጋግራለሁ።»

ምን ብሎ እንደሚያነጋግር አልጠየቀችም። እጇ ግን ያንኑ አንድ ቦታ ደጋግሞ ሲፈገፍግ ቆየ።

ጊታሩ ሁለት ፒክአፕ ነበረው። አንደኛው ያ መጀመሪያ የጠመጠመችው ነው። ሁለተኛውንም እሷው ጠመጠመችው፤ ሦስት ሞተር ጨርሳ ጀርባዋ አልቀና ባላት ዓርብ። ሾፌሩ ገጠመው፣ ክር ወጠረ፣ ቃኘ። በሳምንቱ ስትሄድ ግን ጊታሩን ፈታትቶት አገኘችው።

«ድምፁ ልክ አይደለም» አላት።

በወሩም ልክ አልነበረም። አንገቱን ለወጠው። ቫርኒሹን ልጦ እንደገና ቀባው። የፒክአፑን ጉድጓድ ደፍኖ እንደ አዲስ ፈለፈለው። ሰባት ወር ሆነው።

በዚህ መሃል የአጎቷ ጉልበት ደረጃ መውጣት እምቢ አለው። ሱቁን ሊዘጋ፣ እህቱ ወዳለችበት ከተማ ሄዶ ትንሽ ሱቅ ሊከፍት ቆረጠ።

«ልጄ፣ አብረሽኝ ትመጫለሽ ወይስ የሚያስቀርሽ ሰው አለ?»

«ቆይ ጋሼ፣ ሊያልቅ ነው።»

«ሊያልቅ ነው የሚሉት ነገር አያልቅም፣ ልጄ። ማክሰኞ ጠዋት ዕቃ ይጫናል። የሚያስቀርሽ ካለ አፍ አውጥቶ ይናገር።»

ከማክሰኞ በፊት የነበረው እሁድ ከሰዓት ወደ ሾፌሩ ቤት ስትሄድ እግሯ ተጎተተባት። ያን ሰው ትወደው ነበር። አጎቷ ከተማ ሊቀይር እንደሆነ ነግራዋለች። ጠርቶ «ቅሪ» ቢላት ትቀራለች፤ ዝም ካላት ግን ማክሰኞ መኪናው ላይ ትወጣለች። በሩን ስትከፍት ጊታሩ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እሱም ብርጭቆ ወረቀት ይዟል።

«እንደገና?»

«ድምፁ…»

«ድምፁ ምን ሆነ? ዛሬ እኔም ልስማው።»

ሊከለክላት ፈልጎ ነበር፤ ፊቷን አይቶ ተወው። ጊታሩን ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኘ። አንደኛውን ፒክአፕ ብቻ ከፍቶ ክሩን መታ፤ ድምፁ ክፍሉን ሞላው። ሁለተኛውን ብቻ ከፈተ፤ እሱም ሞላ። ሁለቱን አንድ ላይ ሲከፍት ግን ድምፁ ቀጠነ፤ ከግድግዳ ማዶ እንደሚሰማ ሬዲዮ ሆነ።

ቆጣሪት ስለ ጊታር አታውቅም፤ የሽቦ ጥቅል ግን ታውቃለች። ሞተር ውስጥ ሁለት ጥቅሎች ከተጻረሩ ሞተሩ ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም። ጠመንጃ መፍቻ አነሳችና ሁለተኛውን ፒክአፕ ፈትታ ገለበጠችው። ሆዱ ላይ በእርሳስ የተሰመረች ቀስት አለች፤ እሱ ራሱ ያሰመራት፣ «ይሄኛው ወደ ግራ ነው» ብሎ የሰጣት። ሽቦው የዞረው ወደ ቀኝ ነው። የሞተር ሠራተኛ እጅ ሲደክመው የለመደውን ነው የሚጠመጥመው።

ፊቷ ጋለ።

«እኔ ነኝ» አለች። «ሰባት ወር እንጨት ያስፈገፈግኩህ እኔ ነኝ። ገልብጬ ጠምጥሜዋለሁ።»

አልደነገጠም። ወለሉን አየ።

ያን ጊዜ ገባት።

«ታውቅ ነበር።»

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«በገጠምኩት ማግስት።»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ሁለት ሽቦ ማቀያየር እኮ ነው! የአምስት ደቂቃ ሥራ!»

«አውቃለሁ።»

«ለኔ አዝነህ ነው? ሥራዬ ተበላሽቶ አያውቅም ስለሚባል?»

ውሸቱ ተዘጋጅቶ ቀርቦለት ነበር፤ የሚያምር ውሸት። አላነሳውም።

«አይደለም። ካለቀ ጋሼን ማነጋገር አለብኝ፣ ለዚያ ነው። አንዴ አግብቼ መፍታቴን ነግሬሻለሁ፤ ስትሄድ ያለችኝን ግን አልነገርኩሽም። ‹ለኔ የሚተርፈኝ ድካምህ ብቻ ነው› አለችኝ። እውነቷን ነው። አሁንም ደክሞኝ ነው የምገባው። አንቺም አንድ ቀን እንዲያ እንዳትይኝ ፈራሁ። ጊታሩ ካላለቀ ግን… እሁድ ትመጫለሽ።»

ተናደደች። እንዲያ ተናዳ አታውቅም።

«አጎቴ በጠየቀኝ ቁጥር ‹ሊያልቅ ነው› እያልኩ አፍሬ! አንተ ደግሞ እዚህ ቁጭ ብለህ ያለቀውን ታፈርሳለህ! እኔስ አርፌ ነው የምመጣው? እጄን እየው እስቲ!» ሽቦ የበጣጠሳቸውን ጣቶቿን ከፊቱ ዘረጋች። «እዚህ አልጋ ላይ ስንቴ ተኝቼብሃለሁ? ደከማት ብለህ ጠላኸኝ?»

የሽቦ መበየጃ ካውያውን ሰካችና እስኪግል ጠበቀች። የሁለተኛውን ፒክአፕ ሁለት ሽቦዎች ነቅላ አቀያይራ በየደቻቸው። መልሳ አሠረችና ሁለቱንም ከፍታ ክሩን በአውራ ጣቷ መታችው። የመስኮቱ መስታወት ነዘረ። ድምፁ ወፍራም ነበር፣ ሙሉ፣ ቶሎ የማይጠፋ። ሁለቱም እስኪያልቅ ሰሙት።

«አለቀ» አለች። ጊታሩን አልጋው ላይ አስቀምጣ ቦርሳዋን አነሳች። «ምክንያትህን ጨርሼልሃለሁ። ማክሰኞ እንሄዳለን።»

ደረጃው ላይ ደረሰባት፤ በነጠላ ጫማ፣ እስከ ክርኑ የእንጨት ብናኝ ለብሶ።

«ወዴት ነው?» አለችው።

«ጋሼ ጋ።»

«እንዲህ ሆነህ?»

«ልብስ ልቀይር ብዬ ከተመለስኩ ራሴን አላምነውም።»

አራት መንገድ አቋርጠው ሄዱ። እጁን አልያዘችም፤ ግን እርምጃዋን ለነጠላ ጫማው ቀነስ አድርጋለታለች። አጎቷ ሱቁ ውስጥ የመፍቻ ሳጥን እያሰረ ነበር። ቀና ብሎ ነጠላ ጫማውን አየ፣ ክንዱን አየ፣ መነጽሩን አውልቆ ጠራረገ።

«ጋሼ፣ ሰባት ወር ዘግይቻለሁ» አለ ሾፌሩ።

«ሰባት ብቻ ነው እንዴ? እኔማ ዓመት ያለፈው መስሎኝ።»

«ልጅዎን ላገባት እፈልጋለሁ።»

«ትቅርልኝ ልትለኝ ነዋ፣ ዕቃው ታስሮ ካለቀ በኋላ!»

«አይደለም ጋሼ። እሷ ለምን ትቀራለች? ሥራዋም እርስዎም ያላችሁት እዚያ ነው። ከፈቀደችልኝ የምከተለው እኔ ነኝ። እዚያም ከተማ አውቶቡስ አይጠፋም።»

ቆጣሪት ዞር ብላ አየችው። ሳምንቱን ሙሉ «ልሂድ ወይስ ልቅር» ስትል ሰንብታ፣ እሱ ሊከተላት ይችላል ብላ አንድም ጊዜ አላሰበችም ነበር።

አጎቷ በረጅሙ ተነፈሰ። ለዓመታት ሲያስተምራት የቆየበት ጠረጴዛ ላይ እጁን አሳርፎ ወደ እሷ ዞረ።

«ይሄ ሰውዬ ደክሞት መጥቷል፤ ፊቱን ስታዪው ነገም የሚያርፍ አይመስልም። ምን ልበለው፣ ልጄ?»

ንዴቷ ገና አልወጣላትም፤ ጉልበቷም አልቋል። የታሰረ ሳጥን ላይ ቁጭ አለች።

«ደክሞትም ቢሆን ይምጣ» አለች።

«እንግዲያው ምን ቆመህ ታየኛለህ?» አለ አጎቷ ወደ ሾፌሩ። «ያንን ሞተር በዚያ በኩል ያዝልኝ።»

ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ ያዘ። እሷ ሳጥኑ ላይ እንደተቀመጠች ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች፤ ደስ ብሏት ነበር።