ተራውን የሚጠብቅ መሬት

አሞንዲና ኪዮኮ የተዋወቁት በጥያቄ ነው። የተጣሉትም ሳይጠየቅ ሳይነገር በቀረ ነገር ነው። ሁለቱንም በዓይኔ ስላየሁ እኔ ባወራው ይሻላል፤ ሌላ ሰው ይጨምርበታል።

እኔ ከሀይቁ ዳር፣ ከድሮው የጥጥ መዳመጫ አጥር ሥር ዓሣ የምጠብስ ሴት ነኝ። ከካኖ ተድሬ ስለመጣሁ ንያካኖ ይሉኛል፤ እኛ ሉዎዎች ያገባችን ሴት በተወለደችበት አገር ነው የምንጠራት። መዳመጫው ከተዘጋ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ማሽኑን ዝገት በላው፣ መሬቱ የመንግሥት ሆኖ ቀረ፣ ጠያቂ ስላልነበረውም ከተማው ሁሉ ቆሻሻውን ይጥልበት ነበር። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዳኒ ንያሴሜ ዶማ ይዘው ገቡና ጥግ ላይ ማሽላ ዘሩ። ዳኒ ማለት አያት ማለት ነው፤ ያኔም አያት ነበሩ። በማግስቱ ዓመት ሌላ ሴት ተከተለች፤ ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። አሁን ሃያ ሁለት ሆነናል። የገበያው በቆሎና ባቄላ፣ የትምህርት ቤቱ ልጆች ምሳ ሳይቀር፣ ግማሹ የሚወጣው ከዚያ መሬት ነው።

ሃያ ሁለተኛዋ አሞንዲ ናት፤ የዳኒ ንያሴሜ የልጅ ልጅ፣ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ። ምላሷ ከዶማዋ ይበልጥ ስለታም ነው።

ያን ዓመት ዝናቡ በመጋቢት ጣለ። ማሳው ታርሶ፣ ለስልሶ፣ በገመድ ተከፋፍሎ ጥቁር እንደሆነ ተኝቷል። አንድም ዘር አልገባበትም። ኪዮኮ ከመሬት ቢሮ መለኪያውን በትከሻው ተሸክሞ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ከካምባ አገር ነው፣ ቋንቋውም ሌላ፤ ረጅም፣ አንገቱ ቀጭን፣ ጫማው ጭቃ የማያውቅ።

«እህት፣ ዝናቡ ከጀመረ ሳምንት ሆነው» አላት አሞንዲን። «ለምንድነው የማትዘሩት?»

«አንደኛዋ ገና አልዘሩም።»

«አንደኛዋ ማን ናቸው?»

«መለካትህን አልጨረስክም? ለካና ሂድ።»

እሱ ሳቀ፣ እሷ አልሳቀችም። ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጻፈና ሄደ። ያን ወረቀት ያኔውኑ ነጥቄ እሳቴ ውስጥ ከትቼው ቢሆን ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ።

በማግስቱ ያለ መለኪያው መጣ። አንድ ዓሣ አዘዘና ዓይኑን ከማሳው ሳይነቅል፣ «እትዬ፣ ያቺ ልጅ ትናንት ቀልዳብኝ ነው?» አለኝ።

«እሷኑ ጠይቃት። የኔ ሥራ ዓሣ ነው።»

ዓሣውን ትቶ ወደ እሷ ሄደ። አሞንዲ ቀና ብላ ከእግር እስከ ራስ አየችውና ባዶ ባልዲ እግሩ ሥር አስቀመጠችለት። መሬቱ እስከ ዛሬ የድሮ ቆሻሻውን ይተፋል፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር የጠርሙስ ስባሪ፣ ቆርቆሮ፣ የመዳመጫው ብሎን ብቅ ይላል።

«ጥያቄ በነጻ የለም። አንድ ጥያቄ፣ አንድ ባልዲ ስባሪ።»

ይሄኔ ይሄዳል ብዬ ነበር። እሱ ግን እጅጌውን ሰበሰበ። ባልዲው ሲሞላ እሷም ቃሏን ጠበቀች።

«በእኛ ወግ በአንድ ግቢ ውስጥ መጀመሪያ ዘር የምታወጣው ታላቋ ሚስት ናት። እሷ ሳትዘራ ታናሿ ብትዘራ ቤቱ አይበረክትም።»

«ይኼ ግን ግቢ አይደለም፤ የመንግሥት መሬት ነው።»

«ሁለተኛ ባልዲ።»

«ጥያቄ እኮ አይደለም፣ ሐሳብ ነው!»

«ሐሳብም ባልዲ አለው።»

ሁለተኛውን ሞላ። ጣቱ ደምቶ ነበር፣ ደበቃት። እሷ አይታለች።

«መሬቱ አባወራ ስለሌለው ነው ወግ የሚያስፈልገው» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሃያ ሁለት ሴት በሰው መሬት ላይ ካልተከባበረች በዶማ ትጨራረሳለች። ዳኒ ቀድመው ቆፈሩ፣ አንደኛ ናቸው። ሌላው በገባበት ተራ። እኔ መጨረሻ ነኝ።»

«አንደኛዋ ታዲያ የት ናቸው?»

ለዚህ ባልዲ አልጠየቀችውም። ዝናቡ በጀመረ ዕለት ዳኒ ጭቃ አዳልጧቸው እግራቸው መሰበሩን፣ በጀሶ ታስረው ሆስፒታል መተኛታቸውን በነጻ ነገረችው። ድምጿ ሲሰበር እሱ ጎንበስ ብሎ ሌላ ስባሪ ፈልጎ አነሳ። እኔ ያን ጊዜ ነው ይኼ ልጅ ደህና ልጅ ነው ያልኩት።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ ይመጣል። ማሽላው ለምን ዳር ዳር ይዘራል? እንቁራሪቱ ከዝናብ በፊት ነው የሚጮኸው በኋላ? ሰው እንዲህ ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም። ጎንበስ ብለው ሲለቅሙ እጃቸው ይገናኝና ሁለቱም ለአንዱ ስባሪ ይዘገያሉ። ዓሣዬ ስንቴ አረረብኝ እነሱን ሳይ!

«አሞንዲ ማለት ምን ማለት ነው?» አላት አንድ ቀን።

«ጎህ ሲቀድ የተወለደች።»

«ኪዮኮ ደግሞ በእኛ ቋንቋ ጠዋት የተወለደ ነው።»

«እንግዲያው ቀዳሚህ ነኝ። ከኋላዬ ትመጣለህ።»

ሳቁ። እንደወደደችው ያን ዕለት እሷም አወቀች፣ እኔም አወቅሁ፣ ሰፈሩም አወቀ።

ዝናቡ ሦስተኛ ሳምንቱን ሲይዝ አጥሩ ላይ ወረቀት ተለጠፈ። አሞንዲ ጮክ ብላ አነበበችልን። «የቀድሞው የጥጥ መዳመጫ ይዞታ። ባዶ፣ ጥቅም ላይ ያልዋለ። ለገበያ ሕንፃ ግንባታ ታስቧል። ተቃውሞ ያለው ዓርብ ጠዋት በቦታው ይቅረብ።» ከሥሩ ፊርማ አለ። ስሙን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ኪዮኮ ንዜኪ።

እሱም ያን ሰዓት ባልዲውን አንጠልጥሎ ደረሰ።

«ባዶ?» አለችው።

ዓይኑን ወደ ወረቀቱ አነሳ።

«ጠይቄሃለሁ። ወይስ እኔም ባልዲ ልሙላ?»

«የመጀመሪያው ቀን ነው የጻፍኩት። ያኔ ምንም አላውቅም ነበር።»

«ከዚያ በኋላስ? አሥራ አንድ ባልዲ ሙሉ ስትጠይቀኝ፣ አንድ ቀን እንኳ ‹እንዲህ ብዬ ጽፌአለሁ› ማለት አቃተህ?»

«ላስተካክለው ቢሮ ገብቼ ነበር። አለቃዬ ‹ውልህ በሰኔ ያልቃል፣ አስብበት› አለኝ። ፈራሁ፣ አሞንዲ።»

«እኔ ደግሞ ወድጄህ ነበር» አለችው፤ ባልዲውን ከእጁ ወስዳ ገባች።

ሐሙስ ከሰዓት ሴቶቹ ሁሉ እኔ ዘንድ ተሰበሰቡ። ነገ ሹሞቹ መጥተው የሚያዩት ዘር ያልገባበት አፈር ከሆነ ማሳው አለቀለት። ዛሬ ከዘራን ደግሞ የዳኒን ተራ ረግጠን ነው።

«ዛሬውኑ እንዝራ!» አለች አሞንዲ፤ እሷው ራሷ። «ዳኒ ይቅር ይሉናል። ማሳው ከሄደ ተራው ምን ያደርግልናል?»

ቀስ በቀስ ሁሉም ዘራቸውን አወጡ። አልዋሽም፣ የእኔም እጅ ባቄላው ጣሳ ውስጥ ገብቶ ነበር። ግን የመጀመሪያዋን ፍሬ ማን ይጣል? ሁለተኛዋ ወደ እኔ አየች፣ እኔ ወደ አራተኛዋ። በመጨረሻ አሞንዲ ፈቃድ ልትጠይቅ ወደ ሆስፒታል ሮጠች። ስትመለስ ፊቷ ግራ እንደተጋባ ነበር።

«‹ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ነገ እመጣለሁ› አሉኝ።»

«በምን እግራቸው?»

«‹እሱን ለእኔ ተይው› አሉ።»

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሹሞች መጡ። ከምክር ቤት የመጣችው ሊቀመንበር ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ የመሬት ቢሮው አለቃ ወረቀቱን አነበበ። ከዚያ እጁን ወደ ማሳው ዘረጋ። «ዝናብ ጥሎ ሦስት ሳምንት ያልተዘራ መሬት ምን ይባላል? ዓይን ላለው ሰው ባዶ ነው!»

ምን እንበል? የነገርነው ሁሉ ተረት ይመስላል። አሞንዲ ጨርቋን እያጠመዘዘች መሬት መሬት ታያለች።

ያን ጊዜ ከመንገዱ የጋሪ ድምፅ ተሰማ። የእጅ ጋሪ ነው፤ ላዩ ላይ ፍራሽ፣ ፍራሹ ላይ ዳኒ ንያሴሜ፣ እግራቸው ከነጀሶው እንደ ግንድ ተዘርግቷል። የሚጎትተው ኪዮኮ ነው። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኗል።

«ኪዮኮ! ምን እየሠራህ ነው?» አለ አለቃው።

«ሪፖርቴን እያረምኩ ነው፣ ጌታዬ።»

ለካ ሐሙስ ጠዋት ይቅርታ ሊጠይቅ ሆስፒታል ሄዶ ኖሯል። ዳኒ ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ጋሪ መጎተት ትችላለህ?»

አውርደን አፈሩ ላይ አስቀመጥናቸው። በጣታቸው ጎድጎድ አደረጉ፣ ሦስት የበቆሎ ፍሬ ጣሉ፣ በመዳፋቸው አለበሱት። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ሁለተኛ!» ብለው ተጣሩ።

ሁለተኛዋ ገባች። ከዚያ እኔ። አራተኛ፣ አምስተኛ። ማንም አልሮጠም፣ ማንም አልቀደመም። ሊቀመንበሯ ከወንበሯ ተነስታ እስከ ገመዱ ድረስ መጥታ ታያለች።

«ባዶ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ ኪዮኮ። «ታርሶ ለስልሶ አይቼዋለሁ። ለምን እንዳልተዘራ ጠየቅሁና መልሱን ሳልጠብቅ ጻፍኩ። መሬቱ ባዶ አልነበረም፤ ተራውን እየጠበቀ ነበር። ይኸው የታረመው ሪፖርት፣ በፊርማዬ።»

አለቃው እጁን አልዘረጋም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። አዲሱን የተቀበለችው ሊቀመንበሯ ናት።

አሞንዲ ሃያ ሁለተኛ ሆና ስትዘራ አንድ ጊዜም ወደ እሱ አላየችም። ጨርሳ ቀና ስትል ሄዷል።

ሕንፃው ቀረ። መሬቱም በነሐሴ ለአሥር ዓመት የሕዝብ እርሻ ተብሎ ተመዘገበ። የኪዮኮ ውል በሰኔ አልታደሰም፤ አገሩ ገባ ሲሉ ሰማን። አሞንዲ ስባሪውን ብቻዋን ትለቅማለች። የእሱን ባልዲ ግን ሌላ ሰው ሲነካው አትወድም።

«ጥያቄ የሚጠይቀን ጠፋ እኮ» እላታለሁ።

«ዓሣሽ አረረ፣ እትዬ።»

አላረረም።

በጥቅምት ሁለተኛው ዝናብ ጣለ። ዳኒ በምርኩዝ ገብተው በመጀመሪያው ቀን ዘሩ፣ እኛም በየተራችን። ሃያ አንደኛዋ ስትጨርስ ኪዮኮ በአጥሩ በኩል ገባ። ጢሙ አድጓል። የጠርሙስ ስባሪ የሞላ ባልዲ ይዟል።

አሞንዲ ዘሯን በጨርቋ ቋጥራ ቆማለች። የት ነበርክ አላለችውም።

«መጀመሪያ ሳትጠይቂኝ የምነግርሽ አለ» አላት። «ሥራ አጥቼ ነበር፣ አሁን በግሌ እለካለሁ። ከዓሣ ገበያው ጀርባ ቤት ተከራይቻለሁ። ደፍሬ እስክመጣ አራት ወር ፈጀብኝ። ሌላ የደበቅሁሽ የለም።»

ወደ ባልዲው አየች።

«ባልዲው ታዲያ ለምንድነው?»

«ጥያቄ አለኝ። ከአንቺ ቀጥሎ የሚዘራው ማን ነው?»

አሞንዲ ወደ ኋላዋ ዞር አለች። ከመስመሯ አጠገብ እስከ አጥሩ ድረስ ያልተያዘ አፈር አለ።

«እስከ ዛሬ ማንም አልነበረም» አለች።

እጁን ያዘች፣ ዘረጋችው፣ ከጨርቋ ግማሹን ዘር መዳፉ ላይ አፈሰሰችለት። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

«ልጆች፣ ዝናቡ መጣ!» ብለው ዳኒ ከጥግ ጮኹ።

አሞንዲ ጎንበስ ብላ መዝራት ጀመረች። ኪዮኮ ዘሩን በጭብጡ ይዞ፣ መስመሯን እስክትጨርስ ቆሞ ጠበቃት።