ሦስት ዓመት ለጡረታ

ዋናው መካኒክ ዘይኑልአቢዲን በሽመና ማሽን ተጨፍልቀው የተገኙት ሐሙስ ዕለት፣ የኮምቦልቻው ፋብሪካ ለምሳ በቆመበት ሰዓት ነው። ኢንስፔክተር ረውዳ ከደሴ ወርዳ ስትደርስ አስከሬኑ አቡጀዲ ለብሶ፣ ጥገና ሲኖር የማሽኑ ማብሪያ የሚቆለፍበት ጓጉንቸር ተከፍቶ መሬት ላይ ወድቆ ነበር።

በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ የቀሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ ምክትሉን ፈንታሁንን ጠየቀችው።

«ምሳ እንብላ ልለው ስመለስ ሞቶ አገኘሁት» አለ። «ሸምግሏል፤ ማብሪያውን መቆለፍ ረስቶ ይሆናል።»

አጎቱን ሊያነጋግር ጠዋት ከደሴ የመጣው የሟቹ የወንድም ልጅ ሱሌማን ዓይኑ ቀልቷል።

«ጠዋት ተጣልታችሁ ነበር አሉ» አለችው።

«ወላሂ፣ ለእሳቸው ብዬ ነው! ስድሳ ሲሞላቸው የሥራ ማራዘሚያ ጠየቁ። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ሰፈር ከእኔ ጋር ይኑሩ ብዬ ለመንኋቸው። ‹የጨመርኩት ዓመት ጡረታዬን ከፍ ያደርገዋል› አሉኝ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ባዶ ቤት መግባት ያስፈራቸዋል።»

ቀጥላ ሸማኔዋ ሙና ተጠየቀች። «ሲጠግኑ ትቻቸው ወጣሁ። ሰኞና ሐሙስ ስለሚጾሙ ምሳ አይወጡም። በሌላው ቀን ከፈንታሁን ጋር ነው የሚበሉት፤ ሃያ ዓመት ሙሉ።»

«የጓጉንቸሩ ቁልፍ ስንት ነው?»

«ሁለት። አንዱ እሳቸው ዘንድ፣ አንዱ ምክትሉ ዘንድ።»

ረውዳ የሟቹን ኪስ ፈተሸች። ቁልፉ እዚያው ነው፤ የኪሱ አዝራርም ተቆልፏል። ሦስቱን ጸጥ ባለው ማሽን አጠገብ ሰበሰበች።

«መቆለፍ የረሳ ሰው» አለች፣ «ቁልፉን ነቅሎ በኪሱ አያኖርም። ዘይኑልአቢዲን ቆልፈዋል፤ የከፈተው ሁለተኛው ቁልፍ ነው። አቶ ፈንታሁን፣ ሃያ ዓመት አብረዋቸው ሲበሉ የኖሩ ሰው፣ እንደሚጾሙ እያወቁ ሐሙስ ምሳ ሊጋብዟቸው መጡ? ጡረታ ለመውጣት ስንት ቀረዎት?»

«ሦስት ዓመት።»

«ጡረታ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። እሳቸው እስካሉ ደግሞ እርስዎ በምክትል ደመወዝ ይወጣሉ።»

ፈንታሁን ማሽኑን ተደግፎ ቁጭ አለ።

«ቦታውን ልቀቅልኝ ብለው አልጠየቋቸውም?» አለች ረውዳ።

«ብጠይቀው ይለቅልኝ ነበር» አለ ፊቱን ሸፍኖ። «ግን ‹ሥራ ካቆምኩ ቤቱ ይገድለኛል› ይለኝ ነበር። እንዴት ብዬ ልጠይቀው?»

ፖሊሶች ካቴና ሲያስገቡለት ሱሌማን ወደ ሙና ዞረ።

«ቃሬዛቸውን የሚይዝልኝ ወዳጅ ነበራቸው?»

ሙና አንገቷን ደፋች። «ወዳጃቸው ፈንታሁን ብቻ ነበር።»